ሮያል ስኮት ሞዴልን ወደ «ኮሜት» እንዴት እንለውጣለን?

የእንግሊዙ ኤልኤምኤስ የባቡር ኩባንያ ጁብሊ የሚባሉ 191 ሎኮሞቲቮች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ1942 ከነዚህ ሁለቱን ብቻ፣ 5735 ኮሜትንና 5736 ፊኒክስን፣ 2ኤ የሚባለውን ትልቅ ቦይለር (የእንፋሎት ማመንጫ ጋን) እና ድርብ ጭስ ማውጫ ገጥሞ እንደገና ሠራቸው። በማግስቱ ዓመት ሮያል ስኮት የሚባሉት የዚሁ ኩባንያ ሎኮሞቲቮችም በዚሁ መልክ መታደስ ጀመሩ። ኮሜትና ፊኒክስ በ1964 ከአገልግሎት ወጡ፣ አንዳቸውም አልተረፉም። ለኔ ይህን ሥራ አጓጊ የሚያደርገው ይሄ ነው።

ደግሞም ከባድ አይደለም። የታደሰ ሮያል ስኮት ሞዴል በኦኦ መጠን (ከእውነተኛው 76 ጊዜ ባነሰ) ከገዛችሁ ቦይለሩ እጃችሁ ላይ ነው። የሮያል ስኮቱም የጁብሊውም ትልቁ መንጃ ጎማ 6 ጫማ ከ9 ኢንች ስለሆነ፣ በሞዴሉ 27 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ሞተሩንና ጎማውን አትነኩም። ዋናው ሥራ ካቢኑ ነው። የታደሱት ስኮቶች አሮጌ ካቢናቸውን ይዘው ቀሩ፣ ኮሜት ግን በጎኑ ሁለት መስኮት ያለው የኩባንያው መሐንዲስ ስታኒየር የነደፈው ካቢን ነበረው።

መጀመሪያ ዓመት ምረጡ፣ የዚያን ዓመት ፎቶም ፈልጉ። ከ1948 በፊት ከሆነ ቦይለሩ ፊት ግራና ቀኝ የሚቆሙት የጭስ መከላከያ ሳህኖች መነሳት አለባቸው፤ ቁጥሩም 5735 ነው እንጂ በኋላ የመጣው 45735 አይደለም። ፎቶ ሳታዩ መጋዝ አታንሱ።

ከዚያ በካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈታችሁ አካሉን ከሻሲው ለዩ፣ ሻሲውን በፌስታል ጠቅልሉት፤ የፕላስቲክ ብናኝ ሞተር ውስጥ ከገባ ጣጣ ነው። ካቢኑን ከቦይለሩ ጋር ከሚገናኝበት መስመር ትንሽ ወደ ኋላ ተዉና በቀጭን መጋዝ ቁረጡ። የቀረውን በሞረድ ቀስ እያላችሁ እስከ መስመሩ አድርሱት።

አዲሱን ካቢን ከተሰበረ የጁብሊ ሞዴል አካል ላይ ውሰዱ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይቸኩላል። የካቢኑ ፊት የተቀረጸው በጁብሊው ትንሽ ቦይለር ልክ ስለሆነ 2ኤው አይገባበትም፣ ስለዚህ በግማሽ ክብ ሞረድ ጥቂት ፍቃችሁ ለኩ፣ እንደገና ፍቃችሁ ለኩ፣ ጣሪያው ከጎን ሲታይ ቀጥ ብሎ እስኪቀመጥ ድረስ። ልክ ሲሆን የሚገናኙበትን ቦታ ቀለም ላጡት፤ ማጣበቂያ ቀለም ላይ ከዋለ የሚይዘው ቀለሙን ነው፣ ፕላስቲኩን አይደለም። ሱፐር ግሉ ከተጠቀማችሁ የመስኮት መስታወቱን ቀድማችሁ አውጡ፣ ጭሱ ያነጣዋል።

ክፍተቱን በስቱኮ ሙሉ፣ ሲደርቅ በውሃ በራሰ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። መነሻ ቀለም ስትረጩ የቀረ ስንጥቅ ካለ ይታያችኋል፤ መልሱና ሙሉት።

ቀለሙን በተመለከተ የጦርነቱን ዘመን ተራ ጥቁር እመክራለሁ፤ ለጀማሪ ይቀላል፣ የቦይለሩንም ቅርጽ ያጎላል። ቁጥሩ የሚለጠፈው በውሃ ነክረው ከወረቀቱ በሚያላቅቁት ተለጣፊ ነው፤ ከሥሩ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይኑር፣ አለዚያ ጠርዙ ነጭ ሆኖ ይታያል። በላዩ ደብዛዛ ቫርኒሽ ከረጫችሁ በኋላ የናሱን የስም ሳህን መሃለኛው ጎማ ላይ ባለው ሽፋን ላይ ለጥፉ። ከቫርኒሹ በፊት ከለጠፋችሁት ናሱ ይደበዝዛል።