ለጉባኤ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲመጡ፦ ከግብዣ ደብዳቤው እስከ 6 ኪሎ በር

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንዲያቀርቡ ወይም ጉባኤ እንዲካፈሉ ከተጋበዙ፣ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ለአዘጋጁ ሁለት ጥያቄ ይላኩ። ጉባኤው በየትኛው ግቢ ነው? በፕሮግራሙ ላይ የተጻፈው ቀንና ሰዓትስ በየትኛው አቆጣጠር ነው? ተናጋሪ አረፈደ፣ እንግዳ ጠፋ፣ ተቀባይ ባዶ መኪና ይዞ ተመለሰ የሚባለው ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ከሁለቱ በአንዱ ነው።

ከግቢው እንጀምር። ዋናው ግቢ 6 ኪሎ ነው። የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በውስጡ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ራስ መኮንን አዳራሽና ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙት እዚሁ ነው። ኤፍ ቢ ኢ የሚባለው የኢኮኖሚክስና የቢዝነስ ግቢ እዚያው ሰፈር ቢሆንም የራሱ በር አለው። የተፈጥሮ ሳይንስ 4 ኪሎ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ 5 ኪሎ፣ ሕክምናው ጥቁር አንበሳ፣ የሕንፃ ትምህርቱ ልደታ፣ ኮሜርስ ሰንጋ ተራ ናቸው። የእንስሳት ሕክምናው ደግሞ ከከተማው ወጥቶ ቢሾፍቱ ነው፤ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለሾፌር «ዩኒቨርሲቲ» ብቻ ካሉት 6 ኪሎ ያወርድዎታል። ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ግን ሌላ ነው፤ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የሚገኘው በከተማው ደቡብ ጫፍ፣ በቂሊንጦና ቱሉ ዲምቱ በኩል ነው። 5 ኪሎ መሄድ ያለበት ሰው በስም መመሳሰል እዚያ ከደረሰ የጠዋቱ መርሐ ግብር አለፈው ማለት ነው። ስለዚህ የግቢውን፣ የሕንፃውንና የአዳራሹን ስም በጽሑፍ ያስልኩ።

ሰዓቱ

አገር ውስጥ ያለ አዘጋጅ «2:30 ይጀመራል» ሲል ጠዋት ማለቱ ነው። በውጭ አቆጣጠር 8:30 መሆኑ ነው። «ከምሳ መልስ 8:00» ደግሞ በውጭ አቆጣጠር 14:00 ነው። ችግር የሚፈጠረው አንዱ ፕሮግራም በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲወጣና ቁጥሩ ሳይቀየር ቃሉ ብቻ ሲተረጎም ነው። ከቁጥሩ አጠገብ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ምሽት» የሚል ቃል ከሌለ ይጠይቁ። አየር መንገድ ትኬት ላይ የሚጻፈው ሁልጊዜ በውጭ አቆጣጠር ነው።

ከሌሊት በረራ ጋር ሲገናኝ ጉዳዩ ይብሳል። ትኬትዎ ረቡዕ 01:30 ያርፋል የሚል ከሆነ በኛ አነጋገር ከሌሊቱ 7:30 ነው። ይህን ሌሊት አንዱ «የማክሰኞ ሌሊት» ይለዋል፤ ሌላው የረቡዕ ነው ብሎ በማግስቱ ሌሊት ይመጣል። ለተቀባይዎ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7:30» ብለው ይጻፉለት፤ የበረራ ቁጥሩንም ጨምሩበት። «አጥቢያ» የምትለዋ ቃል ያለ ተቀባይ ከመቅረት ታድናለች።

ቀኑም እንዲሁ ነው። «ሐምሌ 10» ማለት ጁላይ 17 ነው፤ ጁላይ 10 አይደለም። ዓመተ ምሕረቱ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ 8 ዓመት ይለያያል፤ የጥናት አጭር መግለጫ ማስገቢያ ቀን በዚህ የተነሳ ሲያልፍ ያሳዝናል። በኢንተርኔት ለሚያቀርቡ፣ ኢትዮጵያ በበጋና በክረምት ሰዓቷን አትቀይርም። ከዋሽንግተን ጋር ያለው ልዩነት በእነርሱ በጋ 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው።

ቪዛና ወረቀት

የውጭ ፓስፖርት ያለው እንግዳ በኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ላይ ኤሌክትሮኒክ ቪዛ ሲጠይቅ ለጉባኤ የተለየ ዘርፍ ስላለ ያንን ይምረጥ። ለዚህ የሚያስፈልገው የግብዣ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ማኅተምና ፊርማ፣ የጋባዡን ክፍል ስም፣ የጉባኤውን ቀንና ቦታ፣ የተጋባዡን የፓስፖርት ቁጥር ይያዝ። ስሙ ፓስፖርቱ ላይ ባለው ፊደልና ቅደም ተከተል ይጻፍ። ወዳጅ ዘመድ የሚያውቀው ስም አንድ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሌላ፣ የጥናት ጽሑፍ ላይ የሚወጣው ሦስተኛ የሆነበት ትውልደ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ደብዳቤው ላይ መግባት ያለበት የፓስፖርቱ ብቻ ነው። ፓስፖርቱ ከሚገቡበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 6 ወር የሚያገለግል ይሁን።

የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ ያለው ሰው ቪዛ አያስፈልገውም። ካርዱ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን አስቀድሞ ይመልከት፤ ዋናውን ይያዝ እንጂ በስልክ የተነሳ ፎቶ ላይ አይተማመን። ይህን ከቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ጋር አያምታቱት። የክትባት ካርዱ የሚጠየቀው ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ለሚመጡ ነው፤ ካርዱ የሚጸናውም ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት መሯሯጥ አይጠቅምም።

ለመስክ ጥናት ድሮን ይዞ መምጣት ያለ ቅድሚያ ፈቃድ አይሆንም፤ ጉምሩክ ይይዘዋል። በካርቶኑ የታሸገ አዲስ መሣሪያ ለዩኒቨርሲቲው በስጦታ የሚያመጡ ከሆነም የድጋፍ ደብዳቤው እጅዎ ላይ ይኑር፤ ያለ ወረቀት የንግድ ዕቃ ይመስላል።

ቦሌ ሲያርፉ

ቦሌ የመሸጋገሪያ ጣቢያ በመሆኑ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከመካከለኛው ምሥራቅ የሚመጡ ብዙ በረራዎች ማለዳ ላይ ተከታትለው ያርፋሉ። የፓስፖርት ሰልፉ የሚረዝመውም ለዚህ ነው። በዚያው ጠዋት ንግግር እንዲያደርጉ መርሐ ግብር ከተያዘልዎ ወደ ማግስቱ እንዲዛወር ይለምኑ። ሻንጣዎን ከወሰዱ በኋላ፣ ከሕንፃው ሳይወጡ ሁለት ነገር ይጨርሱ፤ አነስተኛ ገንዘብ በባንክ መመንዘርና ሲም ካርድ ማውጣት። ለሲሙ ፓስፖርት ይጠየቃሉ፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም አለ። የምንዛሪ ደረሰኙን አይጣሉት፤ የተረፈ ብር መልሶ ለመመንዘር ይጠየቃል። በመንገድ ላይ የሚመነዝር ሰው ሕገ ወጥ ነው፤ ዋጋው ቢያጓጓም ይለፉት።

ተቀባዮች የሚጠብቁት ከሕንፃው ውጭ፣ በመኪና ማቆሚያው በኩል ነው። ስለዚህ ሰው በር ላይ ካላዩ «አልመጣም» ብለው አይደምድሙ፤ ይደውሉ። ተቀባይ ከሌለዎ በጥሪ የሚመጡት መኪኖች ይሻላሉ፤ ራይድ በ8294፣ ፈረስ በ6090 ስልክ ወይም በመተግበሪያቸው። ዋጋው ስልክ ላይ ስለሚታይ ክርክር የለም። ከተርሚናሉ ፊት የሚቆሙት ታክሲዎች ውድ ናቸው፤ ከተጠቀሙ ግን ሻንጣ ሳይጭኑ ዋጋ ይነጋገሩ።

ከቦሌ 6 ኪሎ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሌሊት ወይም እሑድ ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በታች ይበቃል። በሥራ ቀን ከጠዋቱ 1:30 እስከ 3:00 እና ከምሽቱ 11:00 በኋላ ግን አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይያዙለት። ቀላል ባቡሩ አውሮፕላን ማረፊያውም 6 ኪሎም አይደርስም። በሰማያዊና ነጭ ታክሲ የሚሄድ 4 ኪሎ ድረስ ይመጣና ከዚያ «6 ኪሎ» ወይም «ሽሮ ሜዳ» የሚለውን ይይዛል። መውረጃ ሲቃረብ «ወራጅ አለ» ማለት ነው፤ ዝርዝር ብር ይያዙ። ከ4 ኪሎ በእግር ከሄዱ በ5 ኪሎና በብሔራዊ ሙዚየም በኩል 20 ደቂቃ ያህል ነው፤ ግን ዳገት ነው።

ዳገቱን ያነሳነው በምክንያት ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው፤ ወደ እንጦጦ ሲጠጉ ደግሞ ይጨምራል። ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን ዝቅታ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣትም ሊኖር ይችላል። ውኃ ይጠጡ፤ አልኮል ለሁለት ቀን ይቆይ፤ ሻንጣ ተሸክመው አይሩጡ። ምሽቱ ይበርዳልና ሹራብ አይርሱ። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው።

የት ማደር? ቦሌ ምርጫው ብዙ ነው፤ ግን በየጠዋቱ መንገድ ላይ መዋል ያስከትላል። ጉባኤው 6፣ 5 ወይም 4 ኪሎ ከሆነ ፒያሳና 4 ኪሎ አካባቢ ይሻላል። ሆቴሉ ጄኔሬተርና ሙቅ ውኃ እንዳለው ሲይዙ ይጠይቁ።

መራቅ ያለባቸው ቀኖች

ቀን የመምረጥ ዕድል ያለው አዘጋጅ ይህን ልብ ይበል። የጥምቀት በዓል የሚከበርበት ጃንሜዳ ከ6 ኪሎ ግቢ ጎን ነው። ጥር 10፣ 11 እና 12 መንገዶቹ ለታቦታቱና ለምእመኑ ይዘጋሉ፤ በእነዚያ ቀኖች መኪና ይደርሳል ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው። የካቲት 12 የሰማዕታት መታሰቢያ የሚከበረው ከዋናው በር ፊት ለፊት ባለው ሐውልት ዘንድ ነው፤ ጠዋት አደባባዩ ይጨናነቃል። በመስቀል ደመራ፣ መስከረም 16፣ ከቦሌ ወደ መሐል ከተማ መግባት ይከብዳል። ፌብሩዋሪ ላይ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ጉባኤ ሲመጣ ሆቴል ይሞላል፤ የቦሌ መንገድም ለመሪዎች አጀብ ደጋግሞ ይዘጋል።

በር ላይ

የዩኒቨርሲቲ በር ላይ ፍተሻ አለ፤ ወንድና ሴት ለየብቻ ነው። መታወቂያ ወይም ፓስፖርትና የግብዣ ደብዳቤውን በእጅዎ ይያዙ። ላፕቶፕ ከያዙ ሲገቡ ያስመዝግቡት። ጥበቃዎቹ ዓይነቱንና ሲሪያል ቁጥሩን ይጽፋሉ፤ ሲወጡም ያመሳክራሉ። ሳይመዘገብ የገባ ላፕቶፕ ይዞ መውጣት ራስን ማስጠየቅ ነው። ሲሪያል ቁጥሩ ከላፕቶፑ ሥር በደቂቅ ፊደል ስለሚጻፍ አስቀድመው በወረቀት ይገልብጡት። አዘጋጆች የተሳታፊዎችን ስም ዝርዝር ከአንድ ቀን በፊት ለጥበቃ ክፍሉ ካላስገቡ የመጀመሪያው ጠዋት በሰልፍ ያልቃል፤ ይህን ማስታወስ ነውር የለውም። ከመጀመሪያው ንግግር 45 ደቂቃ ቀድሞ በር ላይ መገኘት ይበቃል።

በአማርኛ፣ በትግርኛ ወይም በግዕዝ ጽሑፍ ለሚያቀርቡ ትልቁ አደጋ ፎንት ነው። በድሮዎቹ የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተጻፈ ገጽ የአዳራሹ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፤ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል አሠራር የተጻፈውም ፎንቱ ከሌለ ባዶ ሣጥን ይሆናል። ጽሑፉን በዩኒኮድ ያዘጋጁና ፎንቱን ያቀፈ ፒዲኤፍ አድርገው ያስቀምጡ። ፓወር ፖይንቱንም ፒዲኤፉንም ፍላሽ ላይ ይያዙ፤ ለራስዎ ኢሜይል መላክ ብቻውን አያስተማምንም፤ ኢንተርኔቱ በዚያ ሰዓት ሊቋረጥ ይችላል። ፕሮጀክተሩ አሮጌ ከሆነ የሚቀበለው ቪጂኤ የሚባለውን የድሮ ገመድ ብቻ ሊሆን ስለሚችል መቀየሪያውን ይዘው ይምጡ። ኤሌክትሪኩ 220 ቮልት፣ ሶኬቱ ክብ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ጠፍጣፋ መሰኪያ አይገባበትም፤ ቻርጀሩ ላይ «100–240» ከተጻፈ ግን አዳፕተር ብቻ ይበቃዋል።

ምግብ ላይ አንድ ነገር፤ ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በአጽዋማት ወቅት የጾም ምግብ በየቦታው አለ። የሙስሊም ሥጋ የሚፈልግ ወይም የጤና ገደብ ያለበት ሰው ግን ለአዘጋጁ በምዝገባ ጊዜ ይንገር፤ በምሳ ሰዓት መጠየቅ ዘግይቷል።

ከክልል ዩኒቨርሲቲ ለሚመጡ

ውሎ አበል ተከፍሎት የሚመጣ ሰው ሥራው የሚያልቀው ሂሳብ ሲያወራርድ ነው። የቦርዲንግ ፓሱን ቁራጭ በመሄጃም በመመለሻም ያስቀምጡ፤ ትኬቱ ብቻውን መጓዝዎን አያሳይም። የሆቴል ደረሰኝ በካሽ ሬጅስተር የታተመና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለው ይሁን፤ የመሥሪያ ቤትዎ ስም እንዲጻፍበት ሲከፍሉ ይንገሩ። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ቀለሙ በሙቀት ስለሚጠፋ በዚያው ቀን ኮፒ ያስነሱት። ከጉባኤው ደግሞ የተሳትፎ ማረጋገጫ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ የተሳተፉባቸው ቀኖች በቁጥር ይጻፉበት። የምስክር ወረቀት ለግድግዳ ያምራል፤ ፋይናንስ ግን ብዙ ጊዜ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ነው የሚጠይቀው። ይህን በመጨረሻው ከሰዓት ሁሉም በአንድ ላይ ስለሚጠይቅ በሁለተኛው ቀን ይጠይቁ።

ሲመለሱ

ለውጭ በረራ 3 ሰዓት ቀድመው ቦሌ ይድረሱ። ፍተሻው ከሕንፃው መግቢያ ስለሚጀምር ትኬትና ፓስፖርት እጅ ላይ ይሁን። ወደ አውሮፓና አሜሪካ የሚሄዱት ብዙዎቹ ማታ ስለሚነሱ የምሽቱ መጨናነቅ ሁለት ጊዜ ያገኝዎታል፤ በመንገዱም በበሩም። ከ6 ኪሎ ከፍ ብሎ ካለው ሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ መግዛት ያስደስታል፤ እሱ ችግር የለውም። የብራና መጽሐፍ፣ አሮጌ መስቀል ወይም ሥዕል ግን ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ማረጋገጫ አይወጣም፤ አዲስ ተሠርቶ አሮጌ የሚመስለውም ቢሆን ፍተሻ ላይ ይያዛል። ማረጋገጫውን በሥራ ሰዓት ብቻ ስለሚያገኙት ለጉዞ ቀን አያቆዩት።