ለ2038ቱ የኮምፒውተር ቀን ችግር ድንበር ተሻጋሪ ዝግጅት፦ ከሚሊኒየሙ ትብብር የሚወሰዱ አሠራሮች

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሲስተሞች ጊዜን የሚይዙት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመቁጠር ነው። ቆጠራው ኔጋቲቭም ፖዘቲቭም በሚይዝ የ32 ቢት ቁጥር ከተቀመጠ ጣሪያው 2,147,483,647 ነው። እዚያ የሚደርሰው ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) 03፡14፡07 ላይ ሲሆን፣ አንድ ሰከንድ ሲጨመርበት ቁጥሩ ይገለበጥና ኮምፒውተሩ ዲሴምበር 13 ቀን 1901 ላይ ነኝ ይላል።

መፍትሔው ይታወቃል፤ ቆጠራውን ወደ 64 ቢት ማሳደግ ነው። ከባዱ ሥራ ያለው ሲስተምና ሲስተም በሚገናኙበት ቦታ ነው። የራሱን ሁሉ ያስተካከለ ባንክ ከሌላ አገር ባንክ በሚመጣ አንድ የተዛባ ቀን ምክንያት የዕለት ሒሳቡን መዝጋት ሊያቅተው ይችላል። ዓመቱን በሁለት አኃዝ ብቻ የያዙ ኮምፒውተሮች 2000ን 1900 አድርገው እንዳያነቡ ለሚሊኒየሙ ዝግጅት ሲደረግም ዋናው ስጋት ይኸው ነበር። ኤፕሪል 1998 የባንክ፣ የክፍያ ሥርዓት፣ የኢንሹራንስና የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪዎች ዓለም አቀፍ ስብስቦች አንድ የጋራ ምክር ቤት አቋቋሙ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ከ120 የሚበልጡ አገሮች ተወካዮች ኒውዮርክ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተገናኙ። ፌብሩዋሪ 1999 ደግሞ በብሩስ ማኮኔል የሚመራው ዓለም አቀፍ የትብብር ማዕከል በዓለም ባንክ የገንዘብ ድጋፍ ሥራ ጀመረ።

አስተባባሪና መዝገብ

ማዕከሉ ትንሽ ቢሮ ነበር። ጉልበቱ ያረፈው እያንዳንዱ አገር አንድ የታወቀ አስተባባሪ በመሰየሙ ላይ ነው። እናንተም ከዚሁ ጀምሩ። ከየአጋር ድርጅቱ ሥራን የማስቆም ሥልጣን ያለው አንድ ሰውና አንድ ተተኪ በስም ይመደቡ። የኢሜይል አድራሻ ብቻ መያዝ አይበቃም፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ የሚሠራ ስልክ ያስፈልጋል። ዝርዝሩን በየስድስት ወሩ ደውላችሁ አረጋግጡ፤ ሰው ሥራ ይቀይራል።

ቀጥሎ ወደ ውጭ የሚወጣውንና ከውጭ የሚገባውን መረጃ ሁሉ መዝግቡ። ለእያንዳንዱ ፋይልና መልእክት አጋሩ ማን እንደሆነ፣ ቀኑ በየትኛው ቦታ እንደሚቀመጥ፣ በምን ዓይነት እንደሚጻፍ፣ ሶፍትዌሩን ማን እንደሚያስተካክል ጻፉ። በጣም የሚረሳው ግን ሲስተሙ ወደፊት ስንት ዓመት ያያል የሚለው ጥያቄ ነው። የ30 ዓመት የቤት ብድር የሚያሰላ ፕሮግራም የ2038ን ወሰን ያለፈው ጃንዋሪ 2008 ላይ ነው። የ20 ዓመት የኢንሹራንስ ውል በ2018 አልፎታል፤ የ10 ዓመት ዲጂታል ሰርተፍኬት በ2028 ይደርስበታል። የሥራውን ቅደም ተከተል የሚወስነው ይህ ነው፤ ሩቅ የሚያየው መጀመሪያ ይስተካከል።

ፍለጋው ላይ ሦስት ቦታዎችን አጥብቃችሁ ፈትሹ። በማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ «ታይምስታምፕ» የሚባለው የአምድ ዓይነት ከ2038 በላይ አይቀበልም። ጥብቅ ሞድ ካልበራ ደግሞ ሥራውን ሳያቆም ቀኑን ዜሮ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ወደ «ዴትታይም» ቀይሩት። ኤክስት4 በሚባለው የሊኑክስ የፋይል አያያዝ የተዘጋጀ አሮጌ ዲስክ የፋይል መዝገቡ (አይኖድ) 128 ባይት ከሆነ የፋይል ቀናቱ እዚያው 2038 ላይ ይቆማሉ፤ 256 ባይት ከሆነ ችግር የለበትም። ሦስተኛው በ32 ቢት ሊኑክስ ላይ የሚሠሩ ቆጣሪዎች፣ ራውተሮችና የፋብሪካ መቆጣጠሪያዎች ናቸው። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል በ5.6 ቅጂው በ2020 ለእነዚህ 64 ቢት ጊዜ አምጥቷል፤ ነገር ግን ከርነሉን ብቻ አፕዴት ማድረግ አያድናቸውም። ፕሮግራሞች በሚደገፉበት የጂሊብሲ ላይብረሪ ከ2.34 ጀምሮ ባለው ቅጂ፣ የ64 ቢት ጊዜ አማራጭ በርቶ፣ ፕሮግራሞቹ እንደገና መጠናቀር (ኮምፓይል መደረግ) አለባቸው።

ስምምነቱ ላይ በግልጽ መጻፍ ያለበት

«ቀን» ብሎ መስማማት ምንም አለመስማማት ነው። አንድ ምሳሌ እንይ። አንዱ ወገን ለጊዜው ብሎ ፖዘቲቭ ብቻ የሚይዝ የ32 ቢት ቁጥር መረጠ እንበል። ይህ ምርጫ እስከ 2106 ያደርሰዋል። 2,200,000,000 የሚል ቁጥር ሲልክ ሴፕቴምበር 18 ቀን 2039 ማለቱ ነው። ኔጋቲቭም የሚይዘው ተቀባይ ግን ያንኑ ቁጥር ኦገስት 13 ቀን 1903 ብሎ ያነበዋል። ሁለቱም ለየብቻቸው ሲፈተኑ ትክክል ናቸው፤ ስህተቱ የሚወጣው ሲገናኙ ብቻ ነው።

በሚሊኒየሙ ጊዜ የተሠራው አቋራጭም ዛሬ ድረስ አለ። ብዙ ፕሮግራሞች ዓመቱን በሁለት አኃዝ እንደተወው ሆኖ «ከዚህ ቁጥር በታች ያለው 2000ዎቹ፣ ከዚያ በላይ ያለው 1900ዎቹ» የሚል መቁረጫ ገብቶላቸዋል። ኤክሴል ለዓመታት ሲቆርጥ የኖረው 29 ላይ ነው፤ የዩኒክስ መደበኛ የቀን አንባቢ ደግሞ 68 ላይ። ስለዚህ «45» የሚለውን ዓመት አንዱ 1945፣ ሌላው 2045 ያደርገዋል። በስምምነቱ ላይ አራት አኃዝ ዓመት ያለው፣ አይኤስኦ 8601 የሚባለውን ዓለም አቀፍ የቀን አጻጻፍና ዓለም አቀፉን ሰዓት አስገድዱ። አሮጌው አጻጻፍ የሚቆምበትን ቀንም ወስኑ፤ ቀን ያልተቆረጠለት ሽግግር አያልቅም።

አጋሮች ድክመታቸውን ለመናገር ይፈራሉ፤ የሚፈሩትም ክስን ነው። አሜሪካ በኦክቶበር 1998 ያወጣችው ሕግ በቅን ልቦና ለሚሰጥ የዝግጁነት መረጃ የሕግ ጥበቃ ሰጥቶ ነበር። እናንተም በውላችሁ ተመሳሳይ አንቀጽ አስገቡ። በምላሹ «ዝግጁ ነን» የሚል ደብዳቤ አትቀበሉ። የትኛው የሶፍትዌር ቅጂ፣ ከማን ጋር፣ በምን ቀናት ተፈትኖ፣ ምን ወደቀ የሚለውን ጠይቁ። ምንም አልወደቀም የሚል ሪፖርት ከመጣ ሙከራውን እንደገና አብራችሁ አድርጉ።

የጋራ ሙከራ

ሥራ ላይ ባለ ሲስተም ላይ ሰዓቱን ወደፊት በፍጹም አታስኪዱ። ሰርተፍኬትና ላይሰንስ ይቃጠላል፣ ፓስወርዶች ጊዜያቸው ያልፋል፤ ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ የባክአፕ ፕሮግራሙ «ጊዜው አልፎበታል» ብሎ የድሮ ቅጂዎችን መሰረዙ ነው። ሰዓቱን መመለስም አያድንም፤ የወደፊት ቀን የያዙ ፋይሎች ይቀሩና ቀጣዩን ባክአፕ ያሳስታሉ።

ሁለቱም ወገኖች የተነጠለ ቅጂ ያዘጋጁ፤ በመካከላቸው ዝግ መስመር ይዘርጉና ከአንድ የሙከራ ሰዓት ሰርቨር ጋር ይያያዙ። ኬርቤሮስ በሚባለው የተጠቃሚ ማንነት ማረጋገጫ የሰዓት ልዩነት ከ5 ደቂቃ ካለፈ ግንኙነቱ ስለሚከለከል፣ የሰዓት ስህተትን የ2038 ስህተት አድርጋችሁ እንዳትመዘግቡት። ሰዓቱን ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 በዓለም አቀፉ ሰዓት 03፡04 ላይ አድርጉና ሲስተሙ እየሠራ ወሰኑን ይለፍ። ከዚያ ሁሉንም ነገር መልሳችሁ፣ በዚህኛው ዙር ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ቀኑ እንዲያልፍ አድርጉና አብሩት። ሁለቱ ውጤቶች ሊለያዩ ይችላሉ፤ ማሽኑ ሲነሳ ሰዓቱን የሚያነበው ከማዘርቦርዱ ባለባትሪ ሰዓት ነው። በመጨረሻ ከ2038 በኋላ ያለ ቀን የያዘ መዝገብ ላኩ፣ አጋራችሁ አስቀምጦ መልሶ ይላከው፣ ከመጀመሪያው ጋር በባይት ደረጃ አመሳክሩ። ስክሪን ላይ ትክክል መስሎ መታየቱን አትመኑ።

የመሻገሪያው ሰዓት

በዚህ ነጥብ 2038 ከ2000 ይከብዳል። ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 ቅዳሜና በዓል ነበር፤ ለውጡም እኩለ ሌሊትን ተከትሎ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሄደ ከኒውዚላንድ የመጣው ዜና ለሌሎቹ የብዙ ሰዓታት ማስጠንቀቂያ ሆነ። የሰከንድ ቆጠራው ግን በዓለም ዙሪያ በአንድ ቅጽበት ይሞላል። ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ ቶኪዮ ላይ እኩለ ቀን ትንሽ አልፎ፣ ኒውዮርክ ላይ ገና የሰኞ ማታ ይሆናል። ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ አገር ስለማይኖር፣ ኮምፒውተሩ ቢያቅተው ሥራው በእጅ የሚቀጥልበት የእጅ አሠራር ቀድሞ ተጽፎ፣ ተለማምዶና ታትሞ መቀመጥ አለበት።

አንድ እውነተኛ መለማመጃ አለ። የኢንተርኔት ሰዓት ማመሳሰያው ኤንቲፒ የሚጠቀምበት የ32 ቢት ቆጠራ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2036 በዓለም አቀፉ ሰዓት 06፡28፡16 ላይ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ያን ቀን ሙሉ የክትትል ቡድን አስቀምጡ፤ የስልክ ዝርዝሩን፣ ተረኛውንና የእጅ አሠራሩን ሁሉ ፈትኑበት። በሚሊኒየሙ መግቢያ የአሜሪካና የሩሲያ መኮንኖች ኮሎራዶ በሚገኘው የፒተርሰን አየር ኃይል ጣቢያ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው ተቀምጠው የሚሳኤል ማስጠንቀቂያ መረጃ ይመለከቱ ነበር። ለከባድ አጋርነት ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም፤ ዋና ዋና አጋሮቻችሁ አንዳንድ ሰው ይላኩላችሁ፣ እናንተም ላኩላቸው።

ከአንድ ወር በፊት ጀምሮ ማንኛውም የሶፍትዌር ለውጥ ይታገድ። ክትትሉ ጃንዋሪ 20 ላይ አያበቃም፤ ቢያንስ የመጀመሪያው የወር መዝጊያ ሒሳብ እስኪወጣ ይቀጥላል። የጂፒኤስ ሰዓት የሚጠቀሙ ደግሞ እስከ ኖቬምበር 21 ቀን 2038 ይቆዩ፤ ከ1,024 ሳምንት በኋላ ዜሮ የሚገባው የጂፒኤስ የሳምንት ቆጣሪ የሚዞረው በዚያ ሌሊት ነው።