ዋይፋዩ ሳሎን ይሠራል፣ ሰርቪስ ቤት እምቢ ይላል

ደሴ ውስጥ ዘመድ ጥየቃ ስሄድ ገና አቦል ሳይቀዳ ላፕቶፕ ይመጣልኛል። «ዋይፋዩ እምቢ አለኝ፣ እስቲ እየው።» አብሽሩ፣ አብዛኛው ችግር እዚያው ቤት ውስጥ ይፈታል።

መጀመሪያ ግን ችግሩ የት እንዳለ ለዩ። የስልካችሁን የሞባይል ዳታ አጥፉና በዚያው ዋይፋይ ሞክሩ። ስልኩ ከሠራ ጣጣው ላፕቶፑ ጋ ነው። ሁለቱም እምቢ ካሉ ራውተሩን (ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን ዕቃ) ወይም መስመሩን ጠርጥሩ።

ሳሎን ይሠራል፣ ጓሮ ይጠፋል

ብዙ የምጠየቀው ይሄንን ነው። በቅርቡ ሆጤ አካባቢ አንድ ግቢ ገባሁ። ልጅቷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ የምታጠናው ሰርቪስ ቤት ነው። ላፕቶፗ ላይ አንዲት የሲግናል መስመር ብቻ ትታያለች። ራውተሩን ስፈልገው ቡፌ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ዳንቴል ለብሶ አገኘሁት። ስነካው ይፋጃል። በእሱና በልጅቷ መሀል ደግሞ የቆርቆሮ ግድግዳ አለ። የዋይፋይ ሞገድ በጭቃና በእንጨት ግድግዳ እየደከመም ቢሆን ያልፋል። ቆርቆሮ ግን ይመልሰዋል።

ዳንቴሉን አነሳን። ራውተሩን ወደ ጓሮ በሚያየው መስኮት አጠገብ፣ ከሰው ቁመት ከፍ አድርገን አስቀመጥነው። የእሷም መስኮት በዚያው በኩል ስለነበር ሲግናሉ በመስታወቱ ገባላት። ከአንድ ወደ ሦስት መስመር ከፍ አለ።

ራውተራችሁ ሁለት የዋይፋይ ስም የሚያሳይ ከሆነ ጓሮ ያለው ሰው 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ሞገድ ይምረጥ። ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ግድግዳም ይችላል። 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፣ ግን ሩቅ አይሄድም። ስሙ መጨረሻ ላይ «5ጂ» ቢልም ከሞባይሉ 5ጂ ጋር አይገናኝም።

ይሄም ካልበቃ ከዋናው ቤት የኔትወርክ ኬብል ዘርጉ። እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሠራል። ጫፉ ላይ አሮጌ ራውተር ሰኩ። ግን ዲኤችሲፒውን (ለተገናኙት አድራሻ የሚያድለውን) አጥፉት፣ አድራሻውንም ከዋናው የተለየ አድርጉት። ካልሆነ ሁለቱ ይጋጫሉ።

ተገናኝቷል ይላል፣ ኢንተርኔት ግን የለም

የራውተሩን መብራቶች እዩ። ፋይበር ላላችሁ፣ «ሎስ» የሚለው ቀይ ከበራ ብርሃኑ ቤታችሁ አልደረሰም። ቀጭኑ ገመድ ሶፋ ሥር ተጣጥፎ እንዳይሆን ተመልከቱ። ካልሆነ ጥገና መጥራት ነው።

መብራቶቹ ደህና ከሆኑ ራውተሩን ከሶኬት ንቀሉ፣ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፣ መልሱ። ላፕቶፑ ላይ የአይፒ አድራሻው (በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) በ169.254 ከጀመረ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው። የዋይፋዩን ስም «ፎርጌት» ብላችሁ እንደገና ግቡ።

አደራ፣ በመርፌ የምትነካውን የሪሴት ቀዳዳ አትንኩ። አጎቴ ተጭነዋት የመስመሩ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ጠፋ። የትም አልተጻፈም ነበር፣ ሦስት ቀን ያለ ኢንተርኔት ከረሙ። እናንተ ዛሬውኑ ደብተር ላይ ጻፉት።

ማታ ማታ ይንቀራፈፋል

ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ ቻናል፣ ማለትም በአንድ የሞገድ መንገድ ላይ ይሆናል። ከራውተሩ ሥር የተጻፈውን አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ብራውዘር ላይ ጻፉና ግቡ። የ2.4ቱን ቻናል ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 ወደ አንዱ ቀይሩት። እነዚህ ሦስቱ እርስ በርስ አይረባበሹም። እዚያው የተገናኙትን ቁጠሩ። ፓስወርድ ለጎረቤት ልጅ መስጠት ደግ ነው፣ እሱ ግን ለሰፈሩ አድሎት ይሆናል።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ ሞተ

መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ይዘላል። ሲጠፋ ንቀሉ፣ ተመልሶ ሲረጋጋ ሰኩ። ክረምት ጦሳ ተራራ ላይ መብረቅ መጮህ ሳይጀምር የስልክ ሽቦውንም ንቀሉ፣ በእሱም ይገባል። አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) ስትገዙ የራውተሩን አዳፕተር ይዛችሁ ሂዱ። ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን።

ዋይፋዩ ደህና ነው፣ ድረ ገጹ ሁሉ «አደገኛ ነው» ይላል

የላፕቶፑን ቀን እዩ፣ ቀኑ ከተሳሳተ ድረ ገጾቹን አያምናቸውም። የውስጥ ባትሪው የደከመ አሮጌ ላፕቶፕ ቀኑን ይረሳል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር አስተካክሉት፣ የሰዓት ቀጠናውን ናይሮቢ አድርጉ። ከእኛ ጋር አንድ ነው።