የዘገየችው መርከብና የኢንሹራንሱ ብር

ጥር ላይ ከጋልቨስተን፣ ቴክሳስ በክሩዝ (በመዝናኛ መርከብ) ልንሄድ ነበር። ጉም ወረደ። ጉም ሲበረታ የወደቡ መግቢያ ለመርከብ ይዘጋል፤ የእኛዋም ውጭ ባሕሩ ላይ ቆማ አደረች። የተነሳነው ከ19 ሰዓት በኋላ ነው። ሆቴልና ምግብ ከኪሳችን።

የጉዞ ኢንሹራንሳችንን ወጪውን እንዲከፍለን ብጠይቀው «ማስረጃ ይጎድላል» ብሎ መለሰኝ። የላክኩት ስለ መዘግየቱ የደረሰንን የቴክስት መልእክት ስክሪንሾት ብቻ ነበር። ተናድጄ ልተወው ስል ባለቤቴ «መጀመሪያ ውሉን አንብበው እንጂ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ከፍቼውም አላውቅም። መዘግየቱ ከ6 ሰዓት ማለፍ አለበት፤ ምክንያቱን ደግሞ አጓጓዡ ራሱ በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት ይላል።

መርከብ ድርጅቱ ጋ ደወልኩ። «ለኢንሹራንስ የሚሆን የመዘግየት ደብዳቤ» ስላቸው ወዲያው ገባቸው። በሦስተኛው ቀን በኢሜይል መጣ፦ መነሳት የነበረባት ሰዓት፣ የተነሳችበት ሰዓት፣ ምክንያቱ። በቃ፣ ሦስት መስመር! ከሆቴሉም ዝርዝር ደረሰኝ አስላክኩ፤ ኢንሹራንሶቹ የባንክ ስቴትመንት ብቻውን አይበቃም ብለውኝ ነበር።

ሁሉንም በድሮው የክሌም (የክፍያ ጥያቄ) ቁጥር አያይዤ «እንደገና ይታይልኝ» አልኩ። ሆቴሉንና ምግቡን ከፈሉ። በመዘግየቱ የቀረብንን የኮዙሜል (የሜክሲኮ ደሴት) ቀን ግን አልከፈሉም፤ የእኔ ውል የተዘለለ ወደብ አይሸፍንም።