የሆቴሉን የሥራ መመሪያ ሠራተኞቹ ራሳቸው እንዲጽፉት

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል መብራት ሲጠፋ፣ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ለእንግዳ ምን እንደሚባል የሚያውቀው የሌሊት ጥበቃው ነው። ዓሣ ያለቀ ቀን ምን እንደሚቀርብ የምታውቀው ደግሞ አስተናጋጇ ናት። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ተቀምጦ ብቻውን የሚጽፈው መመሪያ ይህን አይዝም።

ጥያቄውን አጥብቡ። «አገልግሎታችንን እንዴት እናሻሽል?» ብትሉ «ተግቶ በመሥራት» ከሚል መልስ አታልፉም። «እንግዳው ክፍሉ ሳይጸዳ ቢደርስ ምን ታደርጋላችሁ?» በሉ። ከየሥራ ክፍሉ የተውጣጡ ከ8 እስከ 12 ሰዎች ይበቃሉ፤ ዕቃ አጣቢዋ አትቅር።

መልሱን እያንዳንዱ ለብቻው ይስጥ። አብዛኛው ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በቴሌግራም ግሩፕ ከጠየቃችሁ አለቃ ቀድሞ ይመልሳል፣ ቀሪው አውራ ጣት ይልካል፤ በይሉኝታ የተስማማ ሰው የሚያውቀውን ይዞት ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ 2 ቀን ሰጥታችሁ በግል ተቀበሉ። መጻፍ የሚከብደው በድምፅ ይላክ፣ በሲዳሙ አፎም ቢሆን። መልሶቹን የሚሰበስበው ሰው ስሞቹን አውጥቶ በቁጥር ይተካ። ሥራ አስኪያጁ ተራው መጨረሻ ላይ ነው።

ጥያቄው የቁጥር ከሆነም ያው ነው። ለቅዳሜ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ስንት ኪሎ ዓሣ ይገዛ? ዘጠኝ ሰዎች ሳይተያዩ ለየብቻቸው 18፣ 20፣ 22፣ 25፣ 25፣ 28፣ 30፣ 35 እና 70 ጻፉ እንበል። አማካዩ 30 ገደማ ይሆናል፤ ያንን ያናረው የአንድ ሰው 70 ነው፣ ትርፉ ዓሣም ይበላሻል። በቅደም ተከተል ደርድራችሁ መሐል ላይ ያለውን 25 ውሰዱ። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1906 ፕሊማውዝ ላይ የአንድ በሬ ሥጋ ክብደት የተገመተባቸውን 787 ወረቀቶች እንዲሁ ደርድሮ መሐሉን ሲያይ 1,207 ፓውንድ አገኘ፤ ሚዛኑ ያለው 1,198 ነበር።

ከዚያ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ረቂቁን ጉግል ዶክስ ላይ ያዘጋጅ። ለሌሎቹ ሊንኩን ሲልክ የአስተያየት ሰጪ ፈቃድ ብቻ ይስጣቸው፤ ያኔ ማስተካከያ ያቀርባሉ እንጂ ያለውን አያጠፉም። የፊደል ስምምነትም አስቀድሙ። አንዱ «ዕቃ ክፍል» ሌላው «እቃ ክፍል» ከጻፈ ፍለጋው ግማሹን ያልፈዋል። ለጆሯችን አንድ ድምፅ፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ፊደል ነው።

ሁለት መልሶች ሲጋጩ እጅ አውጥታችሁ አትምረጡ፤ እጅ የሚወጣው አለቃን እያየ ነው። አንዱን ለአንድ ሳምንት፣ ሌላውን ለቀጣዩ ሞክሩና ቅሬታን ይበልጥ የቀነሰው የትኛው እንደሆነ ቁጠሩ።

ያለቀውን ከሁለት ገጽ ሳታስበልጡ አትማችሁ ወጥ ቤቱና እንግዳ መቀበያው ላይ ለጥፉ፣ አጠገቡ እስክሪብቶ በገመድ እሰሩ። ላሚኔት አታስደርጉት፤ ሲያብረቀርቅ ማንም ሊያርመው አይደፍርም።