የሀዋሳ ሐይቅን ይዞ «ሰውና አካባቢው»ን ማስተማር

ተማሪን «ሰው አካባቢውን ምን ያደርገዋል?» ብላችሁ ጠይቁት። ዛፍ ይቆርጣል፣ ቆሻሻ ይጥላል፣ አለቀ። ሸምድዶታል። «አካባቢውስ ሰውን ምን ያደርገዋል?» ስትሉት ግን ጭጭ ይላል። ሀዋሳ የምታስተምሩ ከሆነ ለዚህ መድኃኒቱ ቅርብ ነው፤ ሐይቁ አለላችሁ።

ወደ ሐይቁ ከመውረዳችሁ በፊት ሰሌዳው ላይ ሐይቁን ሳሉት። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ክረምት ላይ ከከተማውና ከዙሪያው ጎርፍ ይገባበታል። የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። «ታዲያ ውሃው የት ይሄዳል?» በሏቸው። አንዱ «ፀሐይ ታተነዋለች» ማለቱ አይቀርም፣ ልክ ነው። እዚያ ላይ አታቁሙ። ሲተን ጨውን ይዞት አይሄድም፣ እነ ሻላና አቢጃታ ሐይቆች ለዚህ ነው ጨዋማ የሆኑት፤ ታዲያ የእኛው ለምን አልጎመዘዘም? ትንሽ ይከራከሩ፣ መልሱን ቶሎ አትንገሯቸው። ከመሬት በታች እየሰረገ የሚወጣ ውሃ መኖር አለበት የሚለው ላይ ራሳቸው ሲደርሱ ነው የሚጥመው። ከዚያ ዋናው ጥያቄ ይመጣል። የማይተነውና የማይሰርገውስ? ደለሉ፣ ፕላስቲኩ? እዚያው ነው የሚቀረው።

ለደለሉ ሙከራ ሥሩ። ሁለት ሃይላንድ በቁመታቸው ቀድዳችሁ አጋድሟቸው፣ አፋቸው ክፍት ይሁን። አንዱ ውስጥ ባዶ አፈር፣ ሌላው ውስጥ ከነሥሩ የተነሳ ሣር። እኩል ውሃ አፍስሱባቸውና ከአፋቸው የሚወጣውን በብርጭቆ ተቀበሉ። ከባዶው አፈር የሚወርደው ቡና ይመስላል። ብርጭቆዎቹ ይደሩና በማግስቱ ከታች የተቀመጠውን ጭቃ በማስመሪያ ይለኩት።

ይሄን ካዩ በኋላ ስለ ጨለለቃ አውሯቸው። ከከተማው በስተምሥራቅ የነበረ ትንሽ ሐይቅ ነው፤ ዙሪያው ያለው ደን እየተመነጠረ አፈሩ እየታጠበ ገባበትና በደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆነ። ሐይቅ ሳለ የሚያውቁት አዛውንት አሁንም አሉ። ተማሪዎቹ አያቶቻቸውን ይጠይቁ፣ በሲዳምኛ ቢጠይቁና በአማርኛ ቢጽፉም ችግር የለውም፣ እንዲያውም የተሻለ ወሬ ይገኛል።

አሁን ጉዞው። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ውሰዷቸው። ዓሣ አጥማጆቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ መረባቸውን እስኪያራግፉ ጠብቁ፣ ሰላምታና አንድ ሻይ ቀድሞ ይሂድ። «ሐይቁ ተበክሏል ወይ?» ብሎ ጥያቄ አይጠየቅም፣ መልሱ «አዎ» ብቻ ነው። «ጋሼ፣ የመረብዎ ቀዳዳ ድሮና ዘንድሮ እኩል ነው?» ይበሉ። ቀዳዳው ሲጠብ ያልወለደው ቆሮሶ ዓሣ ጭምር ይያዛል፣ ያልወለደ ሲያልቅ ደግሞ የከርሞው መረብ ባዶ ይወጣል፣ ባዶ መረብ ያወጣ ሰው ደግሞ የባሰ ጠባብ መረብ ይገዛል። ሰው፣ ሐይቅ፣ መልሶ ሰው። ይሄንን በደብተራቸው ላይ በቀስት ይሳሉት። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ትምህርት ናቸው፤ ዓሣ ሲበለት የሚጣለውን ሆድ ዕቃ ነው ቆመው የሚጠብቁት። ጦጣዎቹ ምሳ መንጠቅ ስለሚያውቁ ሳንድዊች በቦርሳ ይሁን።

ውሃ ውስጥ ግን ማንም እግሩን አይንከር። ጉማሬ አንድ ነገር ነው። ሌላው ቢልሃርዚያ ነው፣ በእኔ ግምት ከ«ሰውና አካባቢው» ምዕራፍ ምርጡ ምሳሌ እሱ ነው። በሽታው ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የበሽታው ትል እንቁላል በጎርፍ ታጥቦ ውሃ ውስጥ ይገባል። እዚያ ይፈለፈልና ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከሳምንታት በኋላ ከቀንድ አውጣው ይወጣና የሚዋኝ ልጅ ቆዳ በስቶ ይገባል። ልጁም በተራው ሽንት ቤት ከሌለው ክቡ ዞሮ ገጠመ ማለት ነው። ተማሪዎቹ ክቡን ስለው «የቱ ጋ ብንቆርጠው ይቆማል?» ብለው ይወያዩ። መድኃኒት የሚል አለ፣ ሽንት ቤት የሚል አለ፣ አለመዋኘት የሚል አለ። ዓሣ አጥማጁ ግን ውሃ ውስጥ ሳይገባ እንዴት ይብላ? እዚህ ላይ ክፍሉ ይሞቃል።

ስትመለሱ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ በኩል ሂዱና ዳር ዳሩን የተሠራውን ግድብ አሳዩአቸው። ብዙው ሰው የመናፈሻ መንገድ ብቻ ይመስለዋል። የተሠራው ሐይቁ እየሞላ ወደ ከተማው ስለገፋ ነው። ሐይቁ ሰውን ሲገፋ ሰው ግንብ ሠራ፣ ሁለቱንም ቀስት እዚያው ቆመው ያያሉ።

ፈተና ላይ ትርጉም አትጠይቁ። አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ለሀዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ ቢሠራለት ምን ምን ይለወጣል?» ቢያንስ ሦስት ቀስት ያለው ሥዕል ይሳሉ፣ አንዱ ወደ ሰው የሚመለስ ይሁን። ውሃው በሚፈስበት በኩል ያለውን ሰው ያስታወሰ ተማሪ ካገኛችሁ ሙሉ ማርክ ስጡት።