ቲዬሪ የሚለውን ስም ከሥሩ ለመፍታት

ኳስ የሚወድ ሁሉ ቲዬሪ ኦንሪን ያውቃል። ስሙ ግን ከየት መጣ? ኑ፣ አብረን እንፍታው።

መጀመሪያ ድሮ እንዴት ይባል እንደነበር ፈልጉ። የፈረንሳይ ስሞች በዘመን ብዛት ይሸራረፋሉ፤ ቲዬሪም ቴዎዶሪክ ከሚለው ጥንታዊ የጀርመናውያን ስም የተረፈ ነው። ቀጥሎ ለሁለት ክፈሉት። የፊተኛው «ሕዝብ» ነው፣ የኋለኛው «ገዢ»። ሲገጥም «የሕዝብ ገዢ» ይሆናል።

እዚህ ጋ ተጠንቀቁ! ቴዎዶሪክ ሲባል ወዲያው የኛ ቴዎድሮስ ትዝ ይላል፣ ድምፁም ቁርጥ እሱን ነው። ዝምድና ግን የላቸውም። ቴዎድሮስ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «የእግዚአብሔር ስጦታ» ማለት ነው፤ ፈረንሳዮች ቴዎዶር የሚሉት እሱን ነው እንጂ ቲዬሪን አይደለም። በድምፅ ብቻ ሥር አይገኝም።

ከዚያ ጎረቤት ቋንቋ እዩ። ጀርመኖች ያንኑ ስም ዲትሪኽ ይሉታል።

አሁን ወደ ባለስሞቹ። ጥንት ፈረንሳይን ከገዙት ጀርመናውያን ነገዶች፣ ከፍራንኮች ንጉሥ ከክሎቪስ ልጅ፣ ከ6ኛው ክፍለ ዘመኑ ቲዬሪ 1ኛ ጀምሩ። ከቅርቦቹ እ.ኤ.አ. በ1948 ስትራስቡርግ የተወለደው የፋሽን ዲዛይነር ቲዬሪ ሙግለር አለ። ኦንሪ ደግሞ በ1977 ፓሪስ አቅራቢያ ሌዙሊስ ተወለደ፣ በ1998 የዓለም ዋንጫ አነሳ፣ በ2003/04 አርሰናል ሊጉን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ሲጨርስ 30 ጎል አገባ። ስትጠሩት «ሄንሪ» አትበሉት፤ ፈረንሳዮች «ሀ»ን አያሰሙም።